የግሪክኛ ተማሪው የፊዚክስ መምህር፦ የሮበርት ሚሊካን የሕይወት ታሪክ

በአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ዘንድ ፊዚክስ የሚለው ስም ሲነሣ ፊቱ የማይለወጥ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ከብዙዎቹ ወገን ነን። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ግማሹ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ በሄደ ጊዜ፣ ከኒውተንና ከኦም ሕጎች ለዘለዓለም የተገላገልን መስሎን እፎይ ብለን ነበር። በተማርንበት ትምህርት ቤት አንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነበረ፤ ነገር ግን ቁልፉ ከንብረት ክፍሉ ሰው ኪስ ስለማይወጣ ውስጡን ያየነው በመስኮት ብቻ ነው። ፊዚክስ ለእኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ በደብተር ተገልብጦ፣ በፈተና ቀን ለባለቤቱ የሚመለስ የብድር ዕቃ ነበር።

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን ማታ ማታ አንድ ክርክር ተነሥቷል። የሳይንስ ተማሪ ያልሆነ ሰው በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማር ወይስ አይማር? የሚማር ከሆነስ ከሳይንስ ተማሪዎች ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ይሰጠው ወይስ ለብቻው የቀለለ ይዘጋጅለት? የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ሒሳቡ የተቀነሰለት ፊዚክስ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው ይላሉ። የእኛ ወገን ደግሞ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው የፔንዱለም መወዛወዝ ምን ይረባዋል ብሎ ይመልሳል። ነገሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥልና መብራት ሲጠፋ ያበቃል።

ከሁለቱም ወገን ማንም ስሙን ያላነሣው አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው በኮሌጅ የግሪክኛ ተማሪ ሳለ ሳይወድ በግድ የፊዚክስ አስተማሪ ሆነ፤ ቆይቶም በዓለም ከታወቁት የፊዚክስ ሊቃውንት መካከል ተቈጠረ። ከዚያም በላይ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ፊዚክስን እንዴት ማስተማር ይገባል በሚለው ጥያቄ ላይ ከዕድሜው ብዙውን ክፍል አጠፋ። ስለዚህ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሮበርት አንድሩስ ሚሊካን የተወለደው በማርች 22 ቀን 1868 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ሞሪሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ስድስት ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ አዮዋ ግዛት ሄዶ ማኮኬታ በምትባል ከተማ ተቀመጠ። ልጁ ያደገው እንጨት እየፈለጠ፣ ከብት እየጠበቀ፣ በወንዝ እየዋኘ ነው፤ በዚህ በኩል ከእኛ አገር የገጠር ልጅ ብዙም አይለይም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄድ ሞገድ መሆኑን ራሳቸው የማያምኑ ሰው ነበሩ። እኒሁ መምህር በክረምቱ ዕረፍት ባላ እንጨት ይዘው በመዞር የጕድጓድ ውሃ ያለበትን ቦታ ለገበሬዎች ያመለክቱ ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ በመስኮት ስላየነው ቤተ ሙከራ ትንሽ ተጽናናን።

ሚሊካን ለጥቂት ጊዜ በፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊነት ከሠራ በኋላ በ1886 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ገባ። ኦበርሊን ከ1830ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ጥቁር ተማሪዎችንና ሴቶችን ከነጭ ወንዶች ጋር የተቀበለ ኮሌጅ በመሆኑ በአሜሪካ የትምህርት ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወጣቱ በኮሌጁ ከሁሉ አስበልጦ የወደደው ግሪክኛን ነው። ፊዚክስንም በሁለተኛ ዓመቱ የአሥራ ሁለት ሳምንት ትምህርት አድርጎ ወስዶት ነበር፤ ነገር ግን በሸመገለ ጊዜ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ያ ጊዜ ፈጽሞ የባከነ እንደ ነበረ መስክሯል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሚሊካን የሆሜር መምህር ሆኖ በቀረ ነበር።

በ1889 ዓ.ም. የሁለተኛው ዓመት ትምህርት ሲያልቅ የግሪክኛው መምህር ፕሮፌሰር ጆን ፔክ አስጠሩት። በኮሌጁ የመሰናዶ ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ጠፍቷልና በሚመጣው ዓመት አንተ ታስተምራለህ አሉት። ተማሪው ደነገጠ፤ ከፊዚክስ አንዳች እንደማያውቅ ነገራቸው። ፕሮፌሰሩ ግን በእሳቸው የግሪክኛ ክፍል ደኅና የሠራ ሰው ፊዚክስን ማስተማር አያቅተውም ብለው ፈረዱ። በእኛ ዘመን አንድ የቋንቋ መምህር ይህን ቃል በመምህራን ስብሰባ ላይ ቢናገር የሳይንስ ፋኩልቲ በሙሉ ከአዳራሹ ይወጣ ይመስለናል።

ሚሊካን ገንዘብም ያስፈልገው ስለ ነበር እሺ አለ፤ የሚሆነው ሁሉ በእሳቸው ኀላፊነት እንዲሆን ብቻ አሳሰበ። ከዚያም አቬሪ የጻፈውን የፊዚክስ መግቢያ መጽሐፍ ገዛና የክረምቱን ዕረፍት አብዛኛውን ከእርሱ ጋር ሲታገል ከረመ። በመስከረም ከተማሪዎቹ ፊት ሲቆም ዕውቀቱ ከእነርሱ የሚቀድመው በጥቂት ምዕራፍ ነበር። ይሁን እንጂ በስተርጅናው ሲያስበው ከዚያች ከመጀመሪያዋ ዓመት የተሻለ ያስተማረበት ዘመን መኖሩን ይጠራጠር ነበር። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ከክፍሉ ላለመቀደም በጣም ይተጋ ስለ ነበር ያ ትጋት ወደ ተማሪዎቹ ሳይተላለፍ አልቀረም ይላል።

በ1891 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላም ሁለት ዓመት በኦበርሊን ፊዚክስ ሲያስተምር ቆየ። ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ስላልነበረ በዚያ ዘመን ስለ ዲናሞ የተጻፈ አንድ ከባድ መጽሐፍ አምጥቶ ከተማሪዎቹ ጋር ገጽ በገጽ ተማረው። መምህራኑ የትምህርት ውጤቱን እርሱ ሳያውቅ ወደ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ልከውለት ኖሮ በ1893 ዓ.ም. የነጻ ትምህርት ዕድል አገኘ። በዚያ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ለዶክትሬት የሚማረው እርሱ ብቻ ነበር።

በኮሎምቢያ ከመምህራኑ አንዱ ማይክል ፑፒን ነበሩ። ፑፒን በሰርቢያ ገጠር ከብት ጠብቀው ያደጉ፣ በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ተሰደው በጥረታቸው ፕሮፌሰር ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። ሚሊካን በ1895 ዓ.ም. ዶክትሬቱን ሲይዝ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ እንዲማር የመከሩት፣ መክረውም ከራሳቸው ኪስ ገንዘብ ያበደሩት እርሳቸው ናቸው። ሚሊካን በርሊን በደረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ሮንትገን የኤክስ ጨረርን ማግኘቱ ተሰማ። በዓመቱም ቤክሬል ከዩራኒየም የሚወጣውን ጨረር አገኘ። ብዙ ሰው አልቆለታል ብሎ የነበረው የፊዚክስ ትምህርት እንደ ገና ከሥሩ ሲታረስ ሚሊካን በዓይኑ አየ።

በ1896 ዓ.ም. የብርሃንን ፍጥነት በመለካት ስሙ የገነነው አልበርት ማይክልሰን በቴሌግራም ጠርቶት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ለክርክራችን ዋናው ክፍል ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ማይክልሰን ማስተማርን እንደ ሸክም የሚያይ ሰው ነበር፤ ልቡ ከመሣሪያዎቹ ዘንድ ነው። ስለዚህ የጀማሪዎቹን ትምህርት ማደራጀት በሚሊካን ትከሻ ላይ ወደቀ። በዚያ ዘመን የተለመደው የፊዚክስ ትምህርት አሰጣጥ እንዲህ ነበር፤ መምህሩ በትልቅ አዳራሽ መድረክ ላይ ቆሞ ብልጭታና ፍንዳታ ያሳያል፣ ተማሪው አይቶ ይደነቃል፣ ከዚያ ሕጎቹን ከመጽሐፍ ሸምድዶ ይፈተናል። ሙከራ ቢኖርም ለብቻው በሌላ ቀን ይሠራል፤ በአዳራሹ ከተሰማው ጋርም አይገናኝም። ሚሊካን ይህን አሠራር አልተቀበለውም። ሌክቸሩን አሳጠረና ሙከራውን፣ የሒሳብ ጥያቄውንና ውይይቱን በአንድ ክፍል ውስጥ አዋሐዳቸው። ተማሪው መጀመሪያ በገዛ እጁ ይለካል፤ ከለካው ቍጥር ተነሥቶ ሕጉን ይፈልጋል፤ ከዚያ ሕጉን በጥያቄ ላይ ይፈትነዋል። አንድ ሕግ ገብቶኛል ማለት የሚችለው ጥያቄውን የፈታ ብቻ ነው።

ለዚህ አሠራር የሚሆን መጽሐፍ ስላልነበረ መጽሐፎቹን ራሱ ጻፈ። በ1898 ዓ.ም. ከስትራተን ጋር የኮሌጅ የሙከራ መመሪያ አወጣ። ቀጥሎም የእንቅስቃሴን፣ የሞለኪውሎችንና የሙቀትን ትምህርት የያዘ መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ኮርስ እንዲሆን አድርጎ አዘጋጀ። አሥራ ሁለት ሳምንት! በኦበርሊን ባክኖብኛል ያለው ጊዜ ልክ ይኸው ነበር። የሳምንቱ ቍጥር በአጋጣሚ ይግጠም ወይም አይግጠም ባናውቅም፣ ሰውዬው ለሌሎች የጻፈው በወጣትነቱ የተነፈገውን ትምህርት ነው ብለን እናምናለን። በ1906 ዓ.ም. ከሄንሪ ጌል ጋር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሳተመው የፊዚክስ መጽሐፍ ደግሞ በአሜሪካ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሰፊው ተሠርቶበታል። በገጾቹ መካከል የጋሊሊዮና የኒውተን የመሰሉ ሊቃውንት ሥዕልና አጭር ታሪክ ገብቷል። የግሪክኛው ተማሪ ዕውቀት ያለ ሰው ታሪክ እንደማይቆም አልረሳም ነበር።

ሚሊካን ለሳይንስ ተማሪዎች አንድ ፊዚክስ፣ ለሌሎቹ ሌላ ፊዚክስ የሚል ሐሳብ አልነበረውም። ሒሳቡ ሊቀነስ ይችላል፤ መለካትና ጥያቄ መፍታት ግን ለማንም አይቀርም። ጠበቃ የሚሆነውም፣ ሐኪም የሚሆነውም፣ ሰባኪ የሚሆነውም ተማሪ ያንኑ ሚዛን ይይዛል፣ ያንኑ ሰዓት ይቈጥራል። በእኛ ግምት በመኝታ ቤቱ ክርክር ላይ ሁለቱንም ወገን የሚያናድደው ይህ ነው፤ የሳይንሶቹን ብቸኛ ባለቤትነት፣ የእኛንም ማምለጫ ይወስዳልና።

ማስተማርና መጻፍ ግን ዋጋ አስከፈለው። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር፤ ግማሹን ለተማሪዎቹና ለመጽሐፎቹ፣ ግማሹን ለምርምር። ምርምሩ ግን ፍሬ አላፈራም። ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ፣ ሚስት አግብቶና ልጆች ወልዶ፣ ስሙ በተማሪዎች ቦርሳ ውስጥ ቢኖርም በሊቃውንት መጽሔት ውስጥ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፣ ያኔም ሆነ ዛሬ፣ ፕሮፌሰርነትን የሚሰጠው ላስተማረ ሳይሆን አዲስ ነገር ላገኘ ነው። ሚሊካን ይህን ተረድቶ በ1908 ዓ.ም. ገደማ መጽሐፍ መጻፉን ገታና ሙሉ ኀይሉን በአንድ ጥያቄ ላይ አሳረፈ። ጥያቄውም የኤሌክትሪክ ትንሹ መጠን ስንት ነው የሚል ነበር።

አሠራሩን ለእኛ ለአርትስ ሰዎች በሚገባ ቋንቋ እንንገር። ሁለት ዝርግ የብረት ሳሕኖች አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች በጠባብ ክፍተት ይቀመጣሉ። ከላይኛው ቀዳዳ በዓይን የማይለይ የዘይት ጠብታ ይገባል፤ በብርሃን ሲመቱትና በአጕሊ መነጽር ሲያዩት በጨለማ ሰማይ ላይ እንደምትታይ ኮከብ ያበራል። ጠብታው በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሳሕኖቹን ከኤሌክትሪክ ጋር ሲያገናኟቸው ጠብታው ራሱ ኤሌክትሪክ ካለው ተመልሶ ይወጣል። የመውረጃውንና የመውጫውን ፍጥነት በሰዓት የለካ ሰው ጠብታው የተሸከመውን የኤሌክትሪክ መጠን ያሰላል። ሚሊካን ያንኑ አንድ ጠብታ ለሰዓታት ሲያወጣና ሲያወርድ የኤሌክትሪኩ መጠን በድንገት ይለዋወጥ ነበር፤ የሚለዋወጠው ግን ሁልጊዜ በአንድ የታወቀ መጠን እጥፍ ነው። ገበያ ቆሞ የሰዎችን ሒሳብ የሚሰማ ዕውር ድምሮቹ ሁሉ በአምስት በአምስት ሳንቲም ብቻ ሲያድጉና ሲቀነሱ ከሰማ፣ በዚህ ገበያ ከአምስት ሳንቲም ያነሰ ገንዘብ የለም ብሎ ይፈርዳል። ሚሊካንም እንዲሁ ፈረደ። ያ ትንሹ ሳንቲም የኤሌክትሮን ኤሌክትሪክ ነው።

በ1909 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው በውሃ ጠብታ ነበር፤ ውሃው ግን በሰከንዶች ውስጥ ይተናል። ወደ ዘይት መሻገሩ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። የዘይቱ ሐሳብ የማን እንደ ሆነ ግን ሁለት ታሪክ አለ። ሚሊካን የራሱ እንደ ሆነ ጽፏል። ተማሪው የነበረው ሃርቪ ፍሌቸር በበኩሉ፣ ከሽቶ መንፊያ ጋር የሰዓት ዘይት ገዝቶ የመጀመሪያውን መሣሪያ ሠርቶ ጠብታዎቹን ያየው እርሱ እንደ ሆነ ጽፎ ትቷል። በ1910 ዓ.ም. ጽሑፉ ሊታተም ሲል ሚሊካን ወደ ፍሌቸር ቤት መጣ፤ ለዶክትሬት የሚቀርብ ጽሑፍ የአንድ ሰው ብቻ መሆን ስላለበት ይህ በሚሊካን ስም ብቻ እንዲወጣ፣ ሌላው ጽሑፍ ደግሞ በፍሌቸር ስም ብቻ እንዲወጣ ተስማሙ። ፍሌቸር ትልቁ ጽሑፍ የትኛው እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ተማሪ ነውና እሺ አለ። ታሪኩንም ከሞተ በኋላ ካልሆነ እንዳይታተም አዘዘ፤ የታተመውም በ1982 ዓ.ም. ነው። ፍሌቸር በመምህሩ ላይ ቂም አልያዘም፤ በኋላም በድምፅና በመስማት ምርምር ትልቅ ሰው ሆኗል። እኛ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠብቀን ተማሪዎች በመሆናችን ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብነው።

በ1913 ዓ.ም. ሚሊካን የተሟላውን ውጤት አወጣ። በጽሑፉም ያቀረባቸው 58 ጠብታዎች በ60 ተከታታይ ቀናት የተለኩት ሁሉ እንጂ ተመርጠው የተወሰዱ አለመሆናቸውን አስታወቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የታሪክ አጥኚው ጄራልድ ሆልተን የሚሊካንን የሙከራ ደብተሮች ከፍቶ ሲያይ፣ በ1978 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የጠብታዎቹ ቍጥር ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ገለጸ። ሚሊካን ያላማሩትን ትቷል። ሌላው አጥኚ አለን ፍራንክሊን በ1981 ዓ.ም. የተተዉትን እንደ ገና አስልቶ፣ ቢጨመሩም ውጤቱ ብዙ እንደማይለወጥ አሳየ። ቍጥሩ ደኅና ነበር፤ ቃሉ ግን ትክክል አልነበረም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተማሪን ደብተር የሚያርም መምህር ይህን በተማሪ ላይ ቢያገኝ ምን ያህል ማርክ እንደሚቀንስ የሳይንስ ወዳጆቻችንን ጠይቀን ነበር፤ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም።

ቍጥሩም ቢሆን ጥቂት ያንሳል። በዛሬው መለኪያ የኤሌክትሮን ኤሌክትሪክ 1.602 ኩሎምብ ለአሥር ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ተከፍሎ የሚገኘው ነው፤ የሚሊካን በ1.602 ፈንታ 1.592 ነበር። ስሕተቱ የመጣው የአየርን መወፈር የሚገልጸው ቍጥር ልክ ስላልነበረ ነው። ሌላው የካሊፎርኒያ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በ1974 ዓ.ም. ለተመራቂዎች ባደረገው ንግግር እንዳስረዳው፣ ከሚሊካን በኋላ የለኩት ሰዎች ወደ እውነተኛው ቍጥር በአንድ ጊዜ አልደረሱም፤ ከሚሊካን በጣም የራቀ ውጤት ያገኘ ሰው ስሕተቱን በራሱ ላይ ይፈልግ ስለ ነበር ጥቂት በጥቂት እየተጠጉ ሄዱ። የታላቅ ሰው ስም በሚዛን ላይ እንዲህ ይከብዳል።

ስለ ሁለተኛው ትልቅ ሥራው በአጭሩ እናልፋለን። በ1905 ዓ.ም. አንስታይን ብርሃን በብረት ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን የሚያወጣበትን ሕግ በቀመር ጽፎ ነበር። ሚሊካን ይህ ሐሳብ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት ዓመታት ደከመ። አየር በሌለበት ብርጭቆ ውስጥ ሶዲየምንና ሊቲየምን በቢላ እየፋቀ፣ አዲስ በተፋቀው ገጽ ላይ ብርሃን እያበራ ለካ። በ1916 ዓ.ም. ያሳተመው ውጤት ግን የአንስታይንን ቀመር አንድ በአንድ ያረጋገጠ ሆነ። ሐሳቡን ሳይቀበል ቍጥሩን አልደበቀም፤ የጠብታዎቹን ነገር ስንታዘብ ይህንንም ልንረሳበት አይገባም።

በ1921 ዓ.ም. ቺካጎን ትቶ በካሊፎርኒያ ፓሳዲና ወደሚገኘው ካልቴክ ሄደ፤ እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስም የተቋሙ መሪ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ በፊዚክስ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው የአሜሪካ ተወላጅ ነበር። ከሰማይ የሚመጣውን ጨረር የኅዋ ጨረር ብሎ የሰየመውም እርሱ ነው፤ የጨረሩን ምንነት በተመለከተ ከአርተር ኮምፕተን ጋር ባደረገው ክርክር ግን ተረትቷል።

ካልቴክ መሐንዲሶችንና የሳይንስ ሰዎችን ለማፍራት የቆመ ቢሆንም ተማሪዎቹ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ እንዲማሩ ግዴታ ነበረባቸው። የባዮሎጂ ተማሪም ቢሆን ከፊዚክስ አያመልጥም ነበር። ፋይንማን ከ1961 እስከ 1963 ዓ.ም. ለአንደኛና ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የሰጠውና በመጽሐፍ ታትሞ ዓለምን የዞረው የፊዚክስ ትምህርት የተሰጠው በዚሁ ተቋም ነው። እንግዲህ ሼክስፒርን የሚማር መሐንዲስ ካለ ኦምን የሚማር የታሪክ ተማሪ ቢኖር ምን ይደንቃል የሚል ሙግት በዚያ ሌሊት ለወገኖቻችን አቅርበን ነበር፤ ትራስ ተወረወረብን።

አሁን ወደ ኦበርሊን እንመለስ። ሚሊካን ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ከሚማሩበት ኮሌጅ ወጥቶ የመራው ተቋም ሴቶችን ለመጀመሪያ ዲግሪ የተቀበለው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ሚሊካን ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በ1936 ዓ.ም. የዱክ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሄርታ ስፖነር የምትባለውን የፊዚክስ ሊቅ ለመቅጠር አስበው ምክር ቢጠይቁት፣ በእርሷ ፈንታ ተስፋ ያለው ወጣት ወንድ ቢወስዱ እንደሚሻል ጻፈላቸው። ፕሬዚዳንቱ ምክሩን አልተከተሉም፤ ስፖነርም በዱክ ለብዙ ዓመታት አስተማረች።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሚሊካን በፓሳዲና የተቋቋመ አንድ ድርጅት የቦርድ አባል ሆነ። የድርጅቱ ዓላማ አእምሯቸው ደካማ ነው ወይም ዘራቸው አይረባም የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ በሕግ እንዲመከኑ መስበክ ነበር። በካሊፎርኒያ በዚህ ሕግ መሠረት 20,000 ያህል ሰዎች መክነዋል፤ ብዙዎቹ ድሆች፣ ስደተኞችና በሆስፒታል የተዘጉ በሽተኞች ነበሩ። ሚሊካን ከነዚህ ሰዎች አንዱን እንኳ በራሱ እጅ አልነካም፤ ስሙን ግን አበድሯል። ጀማሪ ተማሪ ሳይለካ እንዳይናገር ሕይወቱን ሙሉ ያስተማረ ሰው፣ ማንም በቅጡ ያልለካውን የሰው ዘር ዋጋ እንደ ተለካ አድርጎ ተቀበለ። የግሪክኛ ትምህርቱም፣ የቤተ ሙከራ ልምዱም፣ የአባቱ ቤት ስብከትም ከዚህ አላዳኑትም። ይህን የጻፍነው ደስ ብሎን አይደለም። የክርክሩ ማሸነፊያ ይሆነናል ብለን የመረጥነው ሰው ነበርና።

ሚሊካን በዲሴምበር 19 ቀን 1953 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ በካሊፎርኒያ ሞተ። በ1967 ዓ.ም. ካልቴክ ውስጥ የቆመው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተሰይሞ ነበር። ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ግን የካልቴክ ቦርድ በ2021 ዓ.ም. ስሙ ከሕንፃዎች እንዲነሣ ወሰነ። ሕንፃው ዛሬ የሚጠራው በካልቴክ ስም ነው። የዘይት ጠብታው ሙከራ ግን በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ተማሪዎች በጨለማ ክፍል ተቀምጠው አንዲት የብርሃን ነጥብ ስትወጣና ስትወርድ ዓይናቸው እስኪያለቅስ ይቈጥራሉ።

የመኝታ ቤታችን ክርክር አልተፈረደም። ከሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን አንዱ ግን የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ መጽሐፉን አውሶናል፤ አንድ ሁኔታም አስቀምጧል፤ ጥያቄዎቹን እስክንሠራ ድረስ ስለ ፊዚክስ ጥቅም አንከራከርም። በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ አሥራ አራት ጥያቄዎች አሉ። ይህ ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ እስከ ተሰጠበት ቀን ድረስ ዘጠኙን ሠርተናል።